ተያዥ ለሌለው ልጅ

ልጄ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላህ። ያሳደገህ ቤት «እንግዲህ የራስህን ኑሮ ተመልከት» ብሎሃል፤ ወይም ነገሩ ገና በአፍ አልወጣም እንጂ እንጀራ በቀረበ ቁጥር ፊት ማየት ጀምረሃል። ምናልባት ያደግኸው በአክስትህ እጅ ነው። ምናልባት እናትህ ስትሞት «ይህን ልጅ አደራ» ያለቻት ጎረቤት ናት ያሳደገችህ። ምናልባትም ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር የሕፃናት ማሳደጊያ ወጥተህ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርደው ሕዝብ ጋር ተቀላቅለህ ገንዳ ውሃ ደርሰሃል። የትም እደግ፣ ዛሬ የቆምክበት ቦታ አንድ ነው፤ ልጅነትህ በሕግ አብቅቷል፣ ራስህን ችለህ መቆም እንደምትችል ግን ገና ማንም አልመሰከረልህም።

እኔ ዕድሜዬን በዚህ በሱዳን ጠረፍ፣ በመተማ ቆላ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሰሊጥ አምርቻለሁ፣ ገዝቻለሁ፣ ሸጫለሁ። ከደጋ የሚወርዱ ወጣቶችን ቀጥሬ አሠርቻለሁ፤ ለአንዳንዶቹም ፈርሜላቸዋለሁ። «ጠንክረህ ሥራ፣ ቆጥብ፣ መጠጥ ቤት አትዋል» የሚሉህን ሰዎች ስማቸው፤ እውነታቸውን ነው። እኔ የምጨምርልህ እነሱ ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ነው። በዚህ አገር ወላጅ የሌለውን ልጅ ወደ ኋላ የሚያስቀረው ከገንዘብ እጦት በፊት የተያዥ እጦት ነው።

አስበው እስቲ። መጋዘን ጠባቂ ሆነህ ልትቀጠር ስትሄድ ተያዥ አምጣ ትባላለህ። ባለ ባጃጁ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ተያዥህ ማን ነው ይላል። ሱቅ ሻጭ፣ ሆቴል ቤት ገንዘብ ተቀባይ ለመሆን፣ የእህል ነጋዴ ብርና ጆንያ ሰጥቶህ ገጠር ገብተህ እንድትገዛለት፣ ብድር ለመውሰድ፣ አንዲት ክፍል ለመከራየት እንኳ የሚጠየቀው ያው ነው። አባት ያለው ልጅ ይህ ጥያቄ አይሰማውም፤ «የእገሌ ልጅ እኮ ነው» ሲባል ነገሩ ያልቃል። አንተ ግን እዚያው ላይ ትቆማለህ። በጉልበትም በትምህርትም የማይበልጥህ ልጅ ቦታውን ሲወስድ ታያለህ። ያን ጊዜ ልብህ ይሻክራል፤ ዕድሌ ነው ብለህ ትቀመጣለህ። አትቀመጥ። ተያዥ በደም ብቻ የሚገኝ አይደለም። በሥራና በጊዜ የሚገኝ ተያዥ አለ፤ ሲገኝም በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ የምልህ ሁሉ እሱን ስለማግኘት ነው።

በመጀመሪያ ግን ብቻህን እንዳልሆንክ እወቅ። ይህ ጠረፍ ልጅን ከወላጁ የሚለይ ነገር አጥቶ አያውቅም። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1997 በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በዚህ የንግድ መንገድ ላይ እናትና አባታቸውን ያጡ ልጆች ዛሬ ሙሉ ሰው ሆነዋል። ወባና ካላዛር የገደላቸው አባቶች አሉ። በ2013 መጀመሪያ ወራት የሱዳን ጦር አወዛጋቢው የድንበር መሬት አልፋሽጋ ሲገባ እርሻና ከብት ትተው የሸሹ ቤተሰቦች ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ በድንበር ከተማዋ ገላባት በኩል የተሻገረውን ሕዝብ መተማ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ሱዳናውያኑ ወደ ኩመርና አውላላ መጠለያ ተወሰዱ፣ ብዙ ዓመት ሱዳን የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለው ጦርነት የጨመረውን ሐዘን አንተም ታውቀዋለህ። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ልጆች ከሰው ቤት ገቡ። የኛ ሰው ተቀበላቸው። ለዚህ ደግነቱ ምስጋና ይገባዋል።

ደግነቱ ግን ብዙ ጊዜ አሥራ ስምንት ላይ ይቆማል። መንግሥት በ2001 ባወጣው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ልጁን ከዘመድ መልሶ ማቀላቀልን፣ በኅብረተሰቡ መካከል መደገፍን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ ጉዲፈቻንና የተቋም እንክብካቤን ደንግጓል። በጥር 2010 ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ሲከለክል ደግሞ ልጆቻችንን እዚሁ እናሳድጋለን አልን። ጥሩ አልን። ነገር ግን ያደገውን ልጅ ወደ ኑሮ የሚያሻግር ነገር አላዘጋጀንም። ዌልስ የምትባለው ትንሽ አገር በ2014 ማብቂያ ላይ፣ በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላቸው ወጣቶች ለሃያ አራት ወራት በየወሩ ከታክስ በፊት 1,600 ፓውንድ እየከፈለች ውጤቱን ለመሞከር ተነስታ ነበር። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ያለን ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ሊፈርም ይችላል።

ትልቅ ግቢም ቢሆን ለዘላለም አያስጠጋም። በደርግ ጊዜ አባቶቻቸው በጦር ሜዳ የወደቁ ልጆች ያደጉበት የአላጌው ሕፃናት አምባ ስሙ የገነነ ነበር፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ልጆቹ ተበተኑ፣ ግቢውም በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆነ። ወላጅ አልባ ልጆችን ያሳደጉት ወይዘሮ አበበች ጎበና ይህ ነገር ቀድሞ የገባቸው ይመስለኛል። በረሃቡ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ለልጆቹ ሲሉ ትዳራቸውን እስከ መተው ደረሱ። ሰኔ 27 ቀን 2013 እስካረፉ ድረስ ማብላትና ማልበስ ብቻ አልበቃቸውም፤ ድርጅታቸው ሙያ ያስተምር ነበር። ካሳደገህ ቤት ይዘህ የምትወጣው ነገር ካለ ሙያ ይሁን፤ ልብስና ፍራሽ ያልቃል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ወረቀትህን አስተካክል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው፤ ስለዚህ የአንተ ዕድሜ እኩዮች ሲወለዱ የተመዘገቡ አይደሉም። ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል፤ ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ። የቀበሌ መታወቂያ አውጣ። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም አውጣ፤ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ፤ ባንኮችም ሒሳብ ለመክፈት አሁን እሱኑ ይጠይቃሉ። እንዳንተ ያለውን ልጅ በተለይ የሚጎዳ አንድ ነገር ልንገርህ፤ የአባት ስም። ትምህርት ቤት ስትገባ በአሳዳጊህ ስም ተመዝግበሃል፤ መታወቂያ ስታወጣ በወላጅ አባትህ ስም ልትጽፍ ትፈልጋለህ። ሁለት ስም ይዘህ ስትዞር ትራንስክሪፕትህ ለመታወቂያህ፣ መታወቂያህ ለባንክ ደብተርህ አይመሰክርም። በየትኛው ስም እንደምትኖር አንዴ ቁረጥ፤ ሌላውን በፍርድ ቤት አስተካክል። የአባትህ መሬት ወይም ንብረት ካለ በወላጅ አባትህ ስም መሆኑ ይጠቅምሃል። አሳዳጊህ እንዳይከፋቸው አስረዳቸው፤ ስም የመለስከው ውለታ ክደህ እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

ንብረት ካነሳሁ አይቀር ይህን በደንብ ስማኝ፤ ብዙ ልጅ እዚህ ላይ አፍሮ ዝም ስለሚል ነው። አባትህ ሲሞት ማሳ፣ ከብት፣ ቤት ከነበረው፣ እስከ ዛሬ በእጁ ይዞ ያስተዳደረልህ ሰው አለ፤ አጎትህ ወይም የአባትህ ጓደኛ ይሆናል። ሕጉ ሞግዚት ይለዋል። የቤተሰብ ሕጋችን፣ የፌዴራሉም ሆነ የአማራ ክልል፣ ሞግዚት የልጁን ንብረት ለልጁ ጥቅም እንዲያስተዳድርና ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ሒሳቡን አቅርቦ እንዲያስረክብ ያዝዛል። ስለዚህ «መሬቱ የት ደረሰ? በእኩል ያረሰው ማን ነው? ገቢውስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መብትህ ነው። ቀበሌ መሬት አስተዳደር ሄደህ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንዳለ እይ። የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 ውርስንም ኪራይንም ይመለከታል፤ በጽሑፍ የተደረገ ኪራይ ካለ ውሉን እንዲያሳዩህ ጠይቅ። አጠያየቅህ ግን እንደ ልጅ ይሁን። ከሽማግሌ ጋር ሂድ፣ ቁጭ ብለህ ተነጋገር፣ ያሳደገህ ሰው ያወጣውን ወጪ አመስግነህ ቁጠርለት። አጎትህ ዳኛ ፊት ከመቆም ከሽማግሌ ፊት መስማማትን ይመርጣል፤ አንተም ዘመድህን ይዘህ መሬትህን ታገኛለህ። ካልሆነ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ፤ እሱንም አትፍራ።

መሬት የሌለህ ከሆነ ጉልበትህ አለ፤ የዚህ ቆላ ገንዘብም ከጉልበት ነው የሚመጣው። ሐምሌና ነሐሴ አረም ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ። ኅዳር ማሽላው ይቆረጣል፤ ጥጥ ለቀማው እስከ ጥር ይዘልቃል። በበጋው ወራት ዕጣንና ሙጫ አለ። ከነዚህ ሁሉ ከፍተኛው ክፍያ የሰሊጥ አጨዳው ነው፤ ምክንያቱን ካወቅህ ትጠቀምበታለህ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም። የታችኛው ፍሬ መከፈት ሲጀምር ካልታጨደ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ባለ እርሻው በነዚያ ጥቂት ሳምንታት ሰው ካላገኘ የዓመት ድካሙ አፈር ስለሚበላው ዋጋው ያሻቅባል። ታዲያ ብዙ ወጣት በዚያን ጊዜ ዐሥር ብር ጨመረ ባሉት ቁጥር ከእርሻ እርሻ ይዘላል። እኔ የምመክርህ ተቃራኒውን ነው። ሰው አክባሪና በቃሉ የሚገኝ አንድ ባለ እርሻ ምረጥ፤ ገበያው የሚከፍለውን እንዲከፍልህ ተደራደር፤ ከዚያ ሳትቋረጥ አጨዳውን ጨርስለት። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ዘንድ ተመለስ። ሦስተኛው ዓመት ላይ አንተን ሰው ሰብስብልኝ፣ ሥራውን ተከታተልልኝ ማለቱ አይቀርም። ያ ሰው ተያዥህ ነው። አብረህ ከሠራኸው ሰው በላይ ለጠባይህ የሚመሰክር የለም።

ስለ ውሉም አትፈር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል የቀጠረህ አሠሪ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ እንዲሰጥህ ይጠይቃል፤ ሥራው ሲያልቅም የሠራኸውን ሥራ፣ ጊዜውንና ደመወዝህን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የመጠየቅ መብት አለህ። በየእርሻው ይህ እንደማይደረግ አውቃለሁ። አንተ ግን ጠይቅ። በደብተር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ስምና ፊርማ ያለበት ሁለት መስመር እንኳ ይበቃል። እነዚያን ወረቀቶች በላስቲክ ጠቅልለህ አስቀምጣቸው። ሌላ ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ሲቀርብ አንተ እነሱን ይዘህ ትቀርባለህ። ይህን የምታነበው ገና አሥራ ስምንት ሳይሞላህ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር እንደሚከለክል፣ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለውንም በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ ማሠራት እንደማይፈቅድ እወቅ።

ጤናህ ገንዘብህ ነው፤ ይህን እንደ ተራ ምክር አትለፈው። ዘመድ ያለው ልጅ ሲታመም ወደ ደጋ ይወሰዳል፤ አንተን ማን ይወስድሃል? አጎበር ሳትይዝ እርሻ አትውረድ። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራር ሥር ትኖራለች፤ ሌሊት ከግራር ሥር የሚተኙ ሠራተኞች ይበልጥ እንደሚያዙ በዚሁ ቆላ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ቀን በጥላው ዕረፍ፣ ሌሊት ግን ራቅ በል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳህ፣ ጣፊያህ ካበጠ የወባ ክኒን እየገዛህ አትሰንብት፤ መተማ ሆስፒታል የካላዛር ምርመራና ሕክምና አለ። መርፌው ለአሥራ ሰባት ቀን ነው፤ ዘግይቶ የሄደ ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ጥቅምት ላይ ብሩ እጅህ ገባ። ገንዳ ውሃ ከተማ በዚያን ሳምንት ምን እንደምትመስል አይተሃል፤ ሙዚቃው፣ ጠጁ፣ ቢራው፣ ስልክ ሻጩ፣ ካርታ ተጫዋቹ ሁሉ ይህን ብር ይጠብቃል። የሦስት ወር ላብ በሦስት ሌሊት የጨረሱ ልጆች የካቲት ላይ ቁርስ ሲለምኑ አውቃለሁ። ከየካቲት እስከ ሰኔ እዚህ የእርሻ ሥራ ይጠፋል፤ የጥቅምት ብር የሰኔን ራት ማብላት አለበት። ስለዚህ ብሩን በተቀበልክበት ቀን፣ ጓደኛ ሳታገኝ፣ የስድስት ወር የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፈል። ኪራይህን በቅድሚያ የከፈልክለት ባለ ቤት ለቀበሌም ለነጋዴም ስለ አንተ ደግ ይናገራል። ከዚያ የሚተርፈውን ባንክ አስገባ።

ለምን ባንክ? በወገብ ታጥቆ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ይህ ጠረፍ አይቷል። መስከረም 4 ቀን 2013 የብር ኖት ሲቀየር በጆንያና በሣጥን ያስቀመጡ ሰዎች ሒሳብ ፍለጋ ሲሯሯጡ ነበር። በሱዳን ፓውንድ ያጠራቀሙት የባሰ ገጠማቸው፤ በየካቲት 2013 የሱዳን መንግሥት ፓውንዱን በአንድ ቀን ለዶላር ከ55 ወደ 375 ሲያወርደው የጉልበታቸው ዋጋ እጃቸው ላይ ቀለጠ። ድንበር ላይ ስለሆንክ በሁለት አገር ገንዘብ መነገድ ይመችሃል፤ ማጠራቀም ግን በፓውንድ አይሁን። በእርግጥ ብርም ቢሆን ይወርዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲተው የብር የመግዛት አቅም እንዴት እንደወረደ በሱቅ ዋጋ አይተሃል፤ የባንክ ወለድ ይህን አይሸፍንም። እኔ ባንክ የምልህ ብሩ እንዲወልድልህ ሳይሆን እንዲመሰክርልህ ነው። ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ገንዘብ የገባበት ሒሳብ ያለው ልጅ አበዳሪ ፊት ባዶ እጁን አይቆምም። ቴሌብርም ይመዘግባል። ዋጋ እንዳይበላብህ ደግሞ ከቁጠባህ ገሚሱን ሴት ፍየል ግዛበት፤ ይህ ቆላ የፍየል አገር ነው፣ ሰኔ ላይ ብር ሲያጥርህ ግልገሉን ትሸጣለህ። ሰሊጥ ገዝቶ ዋጋ እስኪወጣ ማስቀመጥን ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተወው። እሱ ዋጋ ሲወድቅ መቋቋም የሚችል ሰው ሥራ ነው።

ዕቁብ ግባ። ሲገቡ ሁሉም ቀድሞ መውሰድ ይመኛል፤ ቀድሞ ለሚወስድ ግን የዕቁቡ ዳኛ ዋስ ይጠይቃል፤ የመጨረሻውን ዕጣ የሚወስድ ሰው ምንም ዋስ አያስፈልገውም። አንተ በመጀመሪያው ዙር ከኋላ ለመውሰድ ተስማማ። ዕዳ ሳይሆን ቁጠባ ይሆንልሃል፤ ዙሩ ሲያልቅም አንድም ሳምንት ያላጓደለ ልጅ መሆንህን ሃያ ሰው ያውቃል። በሁለተኛው ዙር «ይህ ልጅ ይቅደም፣ እኔ ዋስ ነኝ» የሚል አታጣም። ዕድርም ግባ። ወጣት ነኝ፣ ቤተሰብ የለኝም፣ ማንን ልቀብርበት አትበል። ድንኳን ስትተክል፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ለቅሶ ስትደርስ ሰው ያይሃል። ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ የሚሠራው እዚያ ነው።

ብድር ስትፈልግ ከሁለት ዓመት በኋላ ይሁን። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ ድሀውን ያለ መያዣ ሲያበድር የኖረው ሰዎች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ተጠያቂ እንዲሆኑ በማድረግ ነው። በሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት በኩል ተደራጅተው የሚወስዱም አሉ። ቡድን ስትመርጥ አብረውህ ያደጉትን ስለምትወዳቸው ብቻ አትምረጥ። አንዱ ከጠፋ ዕዳው በአንተ ትከሻ ነው፤ ስምህም አብሮ ይሄዳል። መንግሥት በ2009 ዐሥር ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብሎ ሲመድብ ብሩን እንደ ስጦታ ቆጥረው የተበተኑ ቡድኖች ነበሩ፤ ዛሬም ስማቸው በየቢሮው አለ። ብድር ለሚሠራ ነገር ብቻ ውሰድ፤ ለሠርግ፣ ለስልክ፣ ለመንገድ አትበደር። አንተም ገና ሥር ሳትሰድ ለሌላ ሰው ተያዥ ሆነህ አትፈርም፤ የጠየቀህ ወንድምህ ቢሆን እንኳ «ገና ነኝ» በለው።

ሙያን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ዙሪያህን እይ። በየእርሻው ትራክተር አለ፣ የሚጠግነው ግን ከሩቅ ነው የሚመጣው። ወፍጮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ፍሪጅ፣ ሶላር፣ ባጃጅ ሁሉ ይሰበራል። ከየካቲት እስከ ሰኔ ያለውን ሥራ አልባ ወራት ቴክኒክና ሙያ ገብተህ አጭር ሥልጠና ውሰድበት፤ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) ተፈተን። መካኒክ ወቅት የለውም፤ ከዓመት እስከ ዓመት ይከፈለዋል።

ስለ ደላላው ልንገርህ። አንድ ቀን ሻይ ቤት አጠገብህ ይቀመጣል። ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕሩን፤ «አሁን ሂድ፣ ደርሰህ ሠርተህ ትከፍላለህ» ይልሃል። በዚህ ከተማ ተያዥ የማይጠይቅህ እሱ ብቻ ነው፤ የሚይዘው አንተኑ ስለሆነ ነው። ሊቢያ ላይ ዘግተውብህ ቤተሰብህ ጋ ደውል ይሉሃል። ወላጅ ያለው ልጅ እናቱ ላሟን ሸጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ለምና፣ መስጊድ ለምና ታወጣዋለች። አንተ ማን ጋ ትደውላለህ? ሱዳንም ዛሬ ጦርነት ላይ ናት። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይህን ንግድ በከባድ ቅጣት ይቀጣል፤ ደላላው ሲያዝ ግን አንተ በረሃ ላይ ነህ። አትሂድ።

አብራህ ላደገችው እህትህ ደግሞ ይህን ንገራት። በእርሻ ካምፕ ወጥ የምትሠራ፣ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ደመወዟን «እኔ አስቀምጥልሻለሁ» የሚሏት ብዙ ናቸው። በራሷ ስም ሒሳብ ትክፈት፤ በየወሩ እዚያ ይግባላት። ማደሪያ አጥታ ብቻ አታግባ፤ ማደሪያ የሰጣት ሰው ሁሉ ባል አይሆናትም። ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራዩ፤ ኪራዩም ይቀላል፣ ሌሊቱም አያስፈራም። እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ማቅረብ፣ ስፌት፣ ፀጉር ሥራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ትምህርት፤ ከነዚህ አንዱን ትያዝ። የደረሰባት በደል ካለ ደግሞ ዝም አትበል፤ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስ፣ ቄሱ ወይም ሼሁ ጋ ትሂድ፤ አንተም አብረሃት ሂድ።

ራስን መቻል ማለት ከሰው መራቅ እንዳይመስልህ። ያሳደገህን ቤት በበዓል ጠይቅ፤ ከመጀመሪያው አጨዳህ አንድ ኪሎ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር ይዘህ ሂድ። ስትወጣ ፊት የነሱህ ቢሆኑም ሂድ። ድህነት ፊት ያጠቁራል፤ አንተ ራስህን ችለህ ስትመጣ ፊታቸው ይመለሳል።

አሁን ይህን ለምታነቡ ትልልቅ ሰዎች አንድ ቃል አለኝ። ባለ እርሻዎች፣ ነጋዴዎች፣ የዕድር ዳኞች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች፣ በእያንዳንዳችሁ ደጅ እንዲህ ያለ ልጅ አለ። አባቱን ታውቁት ነበር ይሆናል። ገንዘብ ስጡ አላልኳችሁም። ሁለት ወቅት ሥራውን አይታችሁ ጠባዩን ካወቃችሁት ከባንክ ቤትም ከአሠሪም ፊት ቆሙለት። ጥቅምት ላይ ለሠራተኞቻችሁ ስትከፍሉ ዘመድ የሌለውን ልጅ ለይታችሁ ጥሩት፤ ሒሳብ ከሌለው አብራችሁት ባንክ ሂዱ፤ የሠራበትን ወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ተያዥ ሲጠየቅም ፈርሙለት።